ነፋስ የሚጠራው በመነሻው ነው

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ጢስ ዓባይ፣ ወንዙ ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወረወር የሚነሳው ጉም ለቦታው ስም ሆኖታል፡፡ ውኃው በሚሞላበት ወቅት ይህ ‹‹ጢስ›› ነፋሱ እንደመራው ያዘነብላል፡፡ ለመሆኑ ጢሱ ወደ ምዕራብ ሲሄድ የነፋሱ ስም ማን ይባላል? ዓይኑ ጢሱን የተከተለ ሰው ‹‹የምዕራብ ነፋስ›› ሊል ይችላል፡፡ ትክክለኛው መልስ ግን ‹‹የምሥራቅ ነፋስ›› ነው፡፡ ነፋስ የሚጠራው በመጣበት እንጂ በሚሄድበት አቅጣጫ አይደለምና፡፡

ነገሩን የሚያወሳስበው የውኃው አጠራር ነው፡፡ መርከበኞች የባሕርን ጅረት የሚጠሩት በሚሄድበት አቅጣጫ ነው፡፡ ስለዚህ ምሥራቃዊ ነፋስና ምሥራቃዊ ጅረት ስማቸው አንድ ሆኖ ጉዟቸው ተቃራኒ ነው፡፡ ልዩነቱ ግን ትርጉም አለው፡፡ ጅረት ላይ ያለ መርከበኛን የሚያሳስበው ወዴት እንደሚወስደው ነው፡፡ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ገበሬ ግን ማወቅ የሚፈልገው ነፋሱ ምን ይዞ እንደሚመጣ ነው፡፡ ነፋስ ደግሞ የሚይዘው ካለፈበት አገር ያገኘውን ነው፡፡ በክረምት ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው አየር እርጥብ በመሆኑ ለጣና ዙሪያ ዝናብ ያመጣል፡፡ በበጋ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ደረቅ በመሆኑ ሰማዩ ይጠራል፡፡

ይህ አጠራር ከዘመናዊ ትምህርት ጋር የመጣብን አይደለም፡፡ ሙሉ ይዘቱ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየልን መጽሐፈ ሄኖክ በምዕራፍ 76 ስለ ነፋሳት 12 በሮች ይናገራል፡፡ በየማዕዘኑ ሦስት ሦስት በሮች አሉ፤ ከአራቱ የበረከት፣ ከስምንቱ የመቅሠፍት ነፋሳት ይወጣሉ፡፡ ልብ እንበል፤ ነፋሱ የሚለየው በወጣበት በር ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1770 ጢስ ዓባይን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ወደ አውሮፓ ይዟቸው ከተመለሰው የብራና መጻሕፍት መካከል ይኸው መጽሐፈ ሄኖክ ይገኝበታል፡፡ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 10ም አንበጣውን ወደ ግብፅ ያመጣው የምሥራቅ ነፋስ ነው፤ ጠርጎ ወደ ቀይ ባሕር የጣለው ደግሞ የምዕራብ ነፋስ ነው፡፡ አቅጣጫውን የገለበጠ አንባቢ ታሪኩን ይገለብጠዋል፡፡

የዛሬው ሳይንስም ሕጉን አልለወጠም፡፡ የሜትዎሮሎጂ ባለሙያ ነፋሱን ‹‹90 ዲግሪ›› ብሎ ሲመዘግብ ከምሥራቅ መጣ ማለቱ ነው፤ 180 ከደቡብ፣ 270 ከምዕራብ፣ 360 ከሰሜን ነው፡፡ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ‹‹07›› የተባለው መንደርደሪያ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ 70 ዲግሪ ገደማ አዙሮ የሚጠቀምበት ነው፡፡ አብራሪው ሲያርፍም ሆነ ሲነሳ ነፋስን ፊት ለፊት መቀበል ስለሚፈልግ፣ ነፋሱ ከ70 ዲግሪ ሲመጣ ይህ መንደርደሪያ ይስማማዋል፡፡ ማንም ሰው በዚሁ ዘዴ መጠቀም ይችላል፡፡ ፊትዎን ነፋሱ ወደሚመጣበት ያዙሩ፤ የሚያዩት አቅጣጫ የነፋሱ ስም ነው፡፡

ጣና ላይ ይህ ዕውቀት ለኑሮም ይጠቅማል፡፡ ቀን ቀን የብሱ ከሐይቁ ፈጥኖ ስለሚሞቅ ነፋስ ከውኃው ወደ ዳርቻው ይነፍሳል፤ ሌሊት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፡፡ ሐይቁ ለባሕር ዳር በሰሜን፣ ለጎርጎራ በደቡብ በኩል ስለሚገኝ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ከዚያው ሐይቅ የተነሳው ነፋስ ባሕር ዳር ላይ የሰሜን፣ ጎርጎራ ላይ የደቡብ ነፋስ ይባላል፡፡ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ማዕበሉ ከየትኛው ዳርቻ ጋር እንደሚያላትመው የሚያውቀው ይህን ለይቶ ነው፡፡

እምቦጭም አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው ይህ አረም ውኃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ነፋስ ከዳር ዳር ይነዳዋል፡፡ ‹‹የምዕራብ ነፋስ እምቦጩን ገፋው›› የሚል ዜና የሰማ ሰው አረሙን መጠበቅ ያለበት በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፎገራ በኩል ነው፡፡ ስሙን በተገላቢጦሽ ከተረዳው ግን ሰው፣ ጀልባና ማጨጃ ማሽን በሌላው ዳርቻ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ አረሙ በበኩሉ የአርሶ አደሩንና የዓሣ አስጋሪውን ደጅ ይዘጋል፡፡

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1733 የውል ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛ ከዚያ ርቆ ሊተረጉመው እንደማይችል ይደነግጋል፡፡ ‹‹የምሥራቅ ነፋስ›› የሚለው አነጋገር ግን ራሱ ትርጓሜ ይፈልጋል፡፡ ‹‹የ›› የምትለው ፊደል መነሻን ትናገር መድረሻን አይታወቅም፤ ‹‹ምሥራቃዊ›› ብንልም ያው ነው፡፡ ደግነቱ አማርኛችን ‹‹ከ››ንና ‹‹ወደ››ን ሰጥቶናል፡፡ ዜና አንባቢውም፣ ጋዜጠኛውም፣ የአየር ጠባይ ትንበያ የሚያዘጋጀው ባለሙያም ‹‹ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ›› ቢሉ የሚጨምሩት ሁለት ሦስት ቃል ነው፡፡ ሐይቁ ላይ ታንኳ ለሚቀዝፈው ሰው ግን ሁለት ሦስት ቃል ማለት የትኛውን ዳርቻ ይዞ እንደሚጓዝ መወሰኛ ነው፡፡