ጥበቡ ይታይ

እሑድ ረፋድ፣ ኮልፌ 18 ማዞሪያ። ዝናቡ አባርቷል፤ አስፋልቱ ግን ገና አልደረቀም። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት እናት ጥላቸውን አጥፈው ታክሲ ይጠብቃሉ። ከኋላቸው ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ቆሟል፤ ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል። «እማማ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉና «አንሳኝ ልጄ፤ ግን ጥበቡ ይታይ» አሉኝ። ጥበቡ አረንጓዴና ቀይ ክር ጎን ለጎን የተሸመነበት ነበር።

ካሜራዬ ጥቁርና ነጭ ላይ ተደርጓል። ቤት ገብቼ ፎቶውን በኮምፒውተር ስከፍተው ፊታቸው፣ የነጠላው እጥፋት፣ እርጥቡ አስፋልት ሁሉ አምሮ ወጥቷል። ጥበቡ ግን አንድ ወጥ ግራጫ ሆኗል። አረንጓዴው የት አልቆ ቀዩ የት እንደሚጀምር አይለይም።

ይህ የሆነው በሒሳብ ነው። የካሜራ ሴንሰር በራሱ ቀለም አያውቅም፤ በላዩ ያለችው እያንዳንዷ ነጥብ የምትለካው የደረሳትን የብርሃን መጠን ብቻ ነው። ቀለሙን የሚያመጣው ሴንሰሩ ላይ የተነጠፈው ስስ ማጣሪያ ነው። በኮዳክ ይሠራ የነበረው ሳይንቲስት ብራይስ ባየር የነደፈው ይህ ማጣሪያ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ ዛሬም በአብዛኞቹ ካሜራዎችና ስልኮች ውስጥ አለ። እንደ ዳማ ሰሌዳ የተከፋፈለ ነው፦ ከየአራቱ ነጥብ ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ብርሃን ያሳልፋሉ። አረንጓዴው የበዛው ዓይናችን ድምቀትን ከሁሉ አብልጦ የሚያነበው ከአረንጓዴው አካባቢ ስለሆነ ነው። በየነጥቡ የጎደሉትን ሁለት ቀለማት ካሜራው ከጎረቤት ነጥቦች ገምቶ ይሞላል።

እንግዲህ «ጥቁርና ነጭ» የሚለውን ስንመርጥ ሴንሰሩ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። እንደ ወትሮው በቀለም ይለካል፤ ከዚያ የካሜራው ፕሮግራም ሦስቱን ቀለማት ደምሮ አንድ ግራጫ ያደርጋቸዋል። በሰፊው የሚሠራበት ቀመር ከቀዩ 30 በመቶ፣ ከአረንጓዴው 59 በመቶ፣ ከሰማያዊው 11 በመቶ ያህል ይወስዳል። በዚህ ቀመር የሰንደቅ ዓላማችንን ቀለማት አስልቼ አየሁ። 0 ጥቁር፣ 255 ነጭ በሆነበት መለኪያ ቢጫው 206 ይወጣል፤ ደማቅ ነው። አረንጓዴው 88፣ ቀዩ 79 ይሆናሉ። ሰንደቅ ዓላማ ላይ ቢጫው መሐል ገብቶ ይለያቸዋል፤ ቢጫ በሌለበት ጥበብ ላይ ግን ዓይን ሁለቱን መለየት ይቸግረዋል።

የቀመሩን ድርሻ ብንለውጠውስ? ከቀዩ ብቻ ብንወስድ ያው ቀይ 218 ይሆንና ሊነጣ ይቃረባል፣ አረንጓዴው ወደ 7 ወርዶ ይጠቁራል። ከአረንጓዴው ብቻ ብንወስድ ነገሩ ይገለበጣል፦ አረንጓዴው 137፣ ቀዩ 18። ከአንድ ነጠላ ሦስት የተለያዩ ፎቶዎች ይወጣሉ ማለት ነው፤ ከሦስቱ የትኛው ይሁን የሚለውን መወሰን ያለበት ፎቶ አንሺው ነው። ካሜራው ግራጫ ጄፔግ አድርጎ ሲያስቀምጥ ግን ውሳኔው አልቋል፤ ቀለማቱ ተጥለዋል፣ የቀረው 256 የግራጫ ደረጃ ብቻ ነው። ሮው የሚባለው ጥሬ ፋይል ሦስቱንም ቀለም ይዞ ይቆያል፤ ባለ 14 ቢት ከሆነ ደግሞ ለየነጥቡ 16,384 ደረጃ አለው።

በፊልም ዘመን ፎቶ አንሺዎች ይህንን ሥራ የሚሠሩት ሌንሱ ፊት ባለቀለም መስታወት በመግጠም ነበር፤ ቀይ መስታወት ሰማዩን አጥቁሮ ደመናውን ያወጣዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ ምርጫውም አልነበረም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ በነበረበት ጊዜ ገበያውን የያዙት ምስል የሚቀረጽባቸው የመስታወት ፕሌቶች ቀይን አያዩም ነበር፤ ቀይን ጭምር የሚያይ ፕሌት በመደብር መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ፎቶ ላይ ጥቁር ካባ ስናይ፣ ካባው ቀይ ሊሆን እንደሚችል አንርሳ።

ለእኛ ፊት ይህ ነገር ትልቅ ትርጉም አለው። ጠይም ቆዳ ከሰማያዊው ይልቅ ቀዩን ብርሃን አብዝቶ ይመልሳል። የቀዩን ድርሻ ከፍ ስናደርግ ፊት ይፈካል፣ ይለሰልሳል፤ ሰማያዊውን ስናበዛ ይጠቁራል፣ የግንባር መስመርና የዕድሜ ምልክት ሁሉ ጎልቶ ይወጣል። የአንዲትን እናት ፊት በየትኛው እናሳይ የሚለውን ለፋብሪካ ቀመር መተው ትክክል አይመስለኝም።

ማጣሪያው ጭራሽ የሌለባቸው ካሜራዎችም አሉ፤ ላይካ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ኤም ሞኖክሮም አንዱ ነው። ብርሃኑን ማጣሪያ ስለማይቀንሰውና ግምት ስለሌለበት ምስሉ ጥርት ይላል፤ በጨለማም ይበረታል። ይሁን እንጂ ኋላ የሚስተካከል ቀለም ስለማይመዘግብ ባለቀለሙን መስታወት እንደ ድሮው አስቀድሞ መግጠም ግድ ነው።

በጥቁርና ነጭ እያዩ ማንሳት ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ዓይን ከቀለም ተላቆ ጥላና ቅርጽ ይፈልጋል። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። ካሜራውን ሮው ላይ አድርጋችሁ የሥዕል ስልቱን ጥቁርና ነጭ ምረጡ፤ ስክሪኑ ግራጫ ያሳያችኋል፣ ፋይሉ ግን ቀለሙን ይዞ ይቀራል። ከዚያ 18 ማዞሪያ ላይ የቆመው ሚኒባስ ሰማያዊ አካሉ ከአስፋልቱ ጋር ቢመሳሰል፣ ቤት ገብታችሁ የሰማያዊውን ድርሻ ከፍ በማድረግ ትለዩታላችሁ። ብቻ አታብዙት፤ በተለይ ሲመሽ በተነሣ ፎቶ ላይ ሰማያዊው ሲጎተት ሻካራ ነጠብጣብ ያመጣል።

በስልክ የምታነሱም በቀለም አንሡ፣ ጥቁርና ነጭ የምታደርጉት ቅጂውን ይሁን። ባለቀለሙን ዋና ፋይል ቦታ ያዘብን ብላችሁ አታጥፉት።