ሐዲዱ ተጠገነ፤ መንገዱን ማን ያውቃል?

አንባቢ ሆይ፣ ከደሴ ተነሥተው በሐይቅ በኩል ወደ ውጫሌ በመኪና ተጉዘው ያውቁ እንደ ሆነ፣ የለመደ ነጂ ፍሬኑን የሚረግጠው ጠመዝማዛው ገና ሳይታይ መሆኑን ሳያስተውሉ አልቀሩም። የአምባሰልን ጥግ ያውቀዋልና እግሩ ከዓይኑ ይቀድማል። በድሮው ጊዜ መኪና በዚሁ መንገድ በወልድያና በመቀሌ አልፎ አስመራ ይገባ ነበር። ዛሬ የምንተርክልዎ በዚያኛው ጫፍ ስላለ ሌላ ቁልቁለት ነው፤ ይኸውም የባቡር ቁልቁለት ነው።

ከምጽዋ እስከ አስመራ ያለው ሐዲድ 118 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጠባብ ሐዲድ ነው፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 95 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። አስመራ የደረሰው በ1904 ዓ.ም. ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ጦርነቱ አቋረጠውና ብረቱ እየተነቀለ ለምሽግ ሥራ ዋለ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻነቷን ካወጀች በኋላ፣ መንገዱ በውጭ ኩባንያ ሳይሆን በአገሩ ሰው እጅ እንዲጠገን ተወሰነ። በዚህ ጊዜ የተጠሩት ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኞች ናቸው። ብዙዎቹ ሽበታቸውን ይዘው መጡ፤ ብረቱን ከየምሽጉ ሰበሰቡ፤ ወጣቶቹን አስከትለው ሐዲዱን እንደገና ዘረጉ። በ1995 ዓ.ም. ባቡሩ ዳግመኛ አስመራ ገባ።

ለመሆኑ ሽማግሌዎቹ የተፈለጉት ለጉልበታቸው ነውን? አይደለም። ድንጋይ የሚሸከም ወጣት ሞልቷል። እነርሱ የያዙት በመጽሐፍ የማይገኝ ነገር ነበር።

ነገሩ እንዲገባዎ ለአንድ አፍታ ራስዎን በእሳት አንዳጁ ቦታ ያቁሙ። ከፊትዎ ያለው በ1930 ዓ.ም. አካባቢ ጣሊያን አገር በአንሳልዶ ፋብሪካ የተሠራ የእንፋሎት ባቡር ነው። አሁን በአካፋ የጨመሩት ከሰል ኃይል የሚሰጠው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስለ ሆነ፣ አቀበቱን ካዩ በኋላ እሳት ልጨምር ቢሉ ጊዜው አልፏል፤ ባቡሩ ዳገቱ ወገብ ላይ ይቆምብዎታል። መሿለኪያ ዋሻ ሲቀርብም የምድጃው በር አስቀድሞ መዘጋት አለበት፤ አለዚያ ነበልባሉ ተመልሶ ፊትዎን ሊገርፍ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው የውሃው ነገር ነው። በምድጃው ጣሪያ ላይ ዘወትር ውሃ መተኛት አለበት። ባቡሩ አቀበቱን ጨርሶ አፍንጫውን ወደ ታች ሲደፋ ውሃው ወደ ፊት ይሸሻል። ጣሪያው ደርቆ ከቀረ ብረቱ ይግላል፤ ይለሰልሳል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ፍንዳታ ነው። ስለዚህ መንገዱ የት ላይ ከአቀበት ወደ ቁልቁለት እንደሚለወጥ እሳት አንዳጁ ቀድሞ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። በእኔ አስተያየት ከነጂው ይልቅ መንገዱን ማጥናት የሚያስፈልገው እርሱ ነው፤ ምስጋናው ግን ሁልጊዜ ለነጂው ይሄዳል!

ከአስመራ ወደ ነፋሲት ሲወረድ ደግሞ በየፉርጎው ላይ ፍሬን ያዥ ይቆማል። ነጂው በፊሽካ ሲጠራ እያንዳንዱ የእጅ ፍሬኑን ያጠብቃል ወይም ያላላል። አርባሮባ ላይ ጭጋግ ሲወርድ አንዱ ሌላውን አያይም፤ ሐዲዱም ይረጥብና መንኰራኵሩ ይንሸራተታል። እንዲህ ባለ ቀን የተሳፋሪው ሕይወት የተንጠለጠለው በሽማግሌዎቹ ትዝታ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ትምህርት ደመወዝ በሌላቸው ሰዎችም ዘንድ የተወደደ ነው። በዌልስ ታሊሊን የሚባል ጠባብ ሐዲድ አለ፤ ሊዘጋ ሲል በ1943 ዓ.ም. በጎ ፈቃደኞች ተረክበው ማስኬድ ጀመሩ። በዓለም ላይ በበጎ ፈቃደኞች የተያዘ የመጀመሪያው ባቡር እርሱ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ላይ የሚሠራ ሰው ባቡር በመወልወል ይጀምራል፤ ከዚያ እሳት አንዳጅ ይሆናል፤ ነጂ ለመሆን ዓመታት ይፈጃል። ደብተር ይዞ ከአዋቂው ጎን ቆሞ ይመላለሳል። ነጩን ድንጋይ፣ ድልድዩን፣ ከብት የሚያቋርጥበትን ቦታ ይመዘግባል። አንድን ዛፍ ብቻ ምልክት ማድረግ ግን ሞኝነት ነው፤ ዛፍ ይቆረጣልና። ሌሊት ሲሆን ጆሮ ዓይንን ይተካል፤ መንኰራኵር በድልድይ ላይ የሚሰጠው ድምፅና በተቆፈረ ገደል መካከል የሚሰጠው ድምፅ አንድ አይደለም። በመጨረሻ ተፈትኖ፣ መንገዱን አውቄዋለሁ ብሎ ይፈርማል።

የእኛም አሮጌ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ጠባብ ሐዲድ ነበር። አጠገቡ ሰፊው አዲስ ሐዲድ ከተዘረጋ ወዲህ አሮጌውን የሚያውቁት ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ዕውቀታቸውን ተቀብሎ የሚጽፍ ቢገኝ መልካም ነበር።

አሁን ወደ ወሎ እንመለስ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው የባቡር መንገድ ሥራ በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ሐዲዱ ሰፊ፣ ኃይሉም ኤሌክትሪክ ነው፤ ከሰልም ምድጃም የለውም። ቁልቁለቱ ግን ያው የወሎ ቁልቁለት ነው፤ ጭጋጉም ያው ነው። በአዲስ መንገድ ላይ የሚሰለጥን ነጂ ከጎኑ የሚቆምለት ሽማግሌ የለውም። የመጀመሪያውን ደብተር ራሱ ይጽፈዋል፤ ፍሬን የት እንደሚያዝ፣ በክረምት ጎርፍ የት እንደሚወርድ፣ በገበያ ቀን ግመልና በሬ በየት በኩል እንደሚያቋርጥ።