ሴሮቶኒን ሲንድረም፦ ከእግር ላይ የሚነበብ ሕመም

በመንዝ ደጋ ትኩሳት ይዞት፣ እየተንቀጠቀጠና እየቃዠ የመጣ ሰው ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ተስቦ ወይም ግርሻ ነው። ብርዱ ልብስ በሚያደራርብበት አገር ቅማል የሚያስተላልፋቸው በሽታዎች ናቸውና ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ከመርሐቤቴ ወደ ጀማ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ከሆነ ደግሞ ወባ ይታሰባል። ከእነዚህ ጎን እምብዛም የማይታወስ ሌላ ምክንያት አለ፤ መድኃኒት ራሱ የሚያመጣው ሴሮቶኒን ሲንድረም።

ሴሮቶኒን በአእምሮና በአንጀት ውስጥ ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡበት ንጥረ ነገር ነው። እሱን የሚያበዙ መድኃኒቶች ሲደራረቡ ወይም ልካቸው ሲያልፍ ነርቭና ጡንቻ ከቁጥጥር ይወጣሉ፤ ብዙውን ጊዜም በ24 ሰዓት ውስጥ። መድኃኒቶቹ እንግዳ አይደሉም። ለድባቴ ፍሎክሰቲን የሚወስድ ገበሬ ከገብስ አጨዳ በኋላ ወገቡን አሞት ትራማዶል ቢጨመርለት ሁለቱ ይገናኛሉ። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኔዞሊድም ከዚሁ ወገን ነው። ፍሎክሰቲን ካቆሙት በኋላ እንኳ ለሳምንታት በሰውነት ይቆያል፤ ስለዚህ «አሁን ምን ይወስዳሉ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ባለፈው ወርስ?» መባል አለበት።

ሕመሙን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም። በመሐል ሜዳ ቢሆን በደብረ ብርሃን ዋናው መሣሪያ የሐኪሙ እጅ ነው። በሽተኛውን አስተኝቶ፣ ጉልበቱን ጥቂት አጥፎ፣ የእግሩን ጫፍ ወደ ቅልጥሙ አቅጣጫ ፈጠን አድርጎ ገፍቶ መያዝ ነው። ጤነኛ እግር ዝም ይላል፤ የዚህ በሽተኛ እግር ግን ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ደጋግሞ ይመታል። ሐኪሞች ክሎነስ ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የሃንተር መመዘኛም በዋናነት የተመሠረተው በእሱ ላይ ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት በወሰደ ሰው ላይ ሳይነኩት በራሱ ከመጣ ብቻውን ይበቃል፤ ሲገፉት ብቻ ከመጣ ላብ ወይም መቁነጥነጥ አብሮት መኖር አለበት። መንቀጥቀጥና በመዶሻ ሲነካ ከልክ በላይ የሚዘል ጉልበት አንድ ላይ ከታዩም ይቆጠራል። ጡንቻው ክፉኛ ከደረቀ ግን ክሎነሱ ሊሸፈን ስለሚችል አለመታየቱ አያዘናጋ።

በድንገተኛ ክፍል የሚያሳስተው አስተናግር የቀመሰ ሰው ነው። እሱም ይቃዣል፣ የዓይኑ ብሌንም ይሰፋል፤ ነገር ግን ቆዳው ደረቅ፣ አንጀቱ ጸጥ ያለ ነው። በሴሮቶኒን የታመመውን ላብ ያጠምቀዋል፣ ሆዱ ይጮኻል፣ ያስቀምጠዋልም። በአእምሮ ሕክምና ክፍል ደግሞ ሃሎፔሪዶልና መሰሎቹ የሚያመጡት የጡንቻ ግትርነት አለ፤ እሱ በቀናት ቀስ ብሎ ይመጣል፣ በሽተኛውንም ያፈዘዋል።

ሕክምናው የሚጀምረው መድኃኒቶቹን ከማቆም ነው፤ ከዚያ ዳያዜፓም፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና ማቀዝቀዝ ይከተላሉ። ትኩሳቱ ከጡንቻ መወጠር ስለሚመጣ ፓራሲታሞል አይመልሰውም። ሙቀቱ እያሻቀበ ከሄደ ጊዜ ሳይጠፋ ሪፈር መባል አለበት።

አንባቢ ሆይ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ይያዙ፤ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የገዙትንም አይደብቁ። የድባቴ መድኃኒትዎን ግን ሐኪም ሳያማክሩ አያቋርጡ።