አንጎል ፍቅረኛውን ሲማር

በሰሜን አሜሪካ መካከለኛ ክፍል ሣራማ ሜዳዎች ፕሬሪ ቮል የምትባል፣ መዳፍ ላይ የምትያዝ የአይጥ ዘመድ ትኖራለች። ከአጥቢ እንስሳት ውስጥ ጥንድ ሆነው የሚኖሩት ከአሥር አንድ እንኳ አይሞሉም፤ ቮል ግን ከእነዚህ ወገን ናት። ወንዱና ሴቷ ጎጆ ይጋራሉ፣ ልጆቻቸውንም አብረው ያሳድጋሉ። የፍቅርን ሥነ ሕይወት የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች እሷን የመረጡት ለዚህ ነው።

ሙከራው ቀላል ነው። ከአንድ ወንድ ጋር አንድ ቀን አብራ የቆየችና ተራክቦ የፈጸመች ሴት ቮል ሦስት ክፍል ባለው ሣጥን መካከል ትለቀቃለች። በአንዱ ጫፍ አጣማጇ፣ በሌላው የማታውቀው ወንድ ታስረዋል። ለሦስት ሰዓት ያህል ከማን ጋር እንደምትውል ይመዘገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሄዳ የምትለጠፈው አጣማጇ ጎን ነው። ሽልማትን በሚመዝነው የአንጎሏ ክፍል የዶፓሚን ሥራ አስቀድሞ በመድኃኒት ከታገደ ግን ይህ ምርጫ አይፈጠርም።

ዶፓሚን በተለምዶ «የደስታ ኬሚካል» ይባላል፤ ስሙ ግን ሥራውን አይገልጸውም። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለው ተመራማሪ ለዝንጀሮዎች ጭማቂ እየሰጠ የአንጎል ሕዋሳታቸውን ሲከታተል፣ ዶፓሚን አመንጪዎቹ መጀመሪያ የሚነቃቁት ጭማቂው ሲመጣ ነበር። ዝንጀሮዎቹ ጭማቂውን የሚያበሥረውን ምልክት ከለመዱ በኋላ ግን ሕዋሳቱ ለምልክቱ ይነቃቁ ጀመር። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ሲቀር ደግሞ እንቅስቃሴያቸው ቀነሰ። ዶፓሚን እንግዲህ አስተማሪ ነው፤ የተገኘው ከተጠበቀው ሲበልጥም ሲያንስም ለአንጎል ይነግራል። በአዲስ ፍቅር የተያዘ ሰው የወደዳት ሴት ስም ስልኩ ላይ ብልጭ ሲል፣ ገና ድምጿን ሳይሰማ ልቡ የሚመታው በዚሁ ትምህርት ቢሆን አይገርምም።

ከቮል ወደ ሰው መሻገር ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2005 ሄለን ፊሸርና ባልደረቦቿ በፍቅር የተያዙ 17 ሰዎችን በኤምአርአይ ሲመረምሩ፣ የሚወዱት ሰው ፎቶ ሲታያቸው ዶፓሚን የሚመነጭበት ክፍል ይበልጥ ሲሠራ ታየ። በኋላ በተደረገ ጥናት፣ በአማካይ ሃያ አንድ ዓመት በትዳር ቆይተው ዛሬም አጥብቀው እንደሚዋደዱ በተናገሩ ሰዎች ላይ ይኸው ተደገመ። ፍቅር በዓመታት ውስጥ መቀዝቀዙ አይቀርም ለሚሉ ይህ በቂ መልስ ነው።

«የፍቅር ሆርሞን» እየተባለ የሚሞገሰው ኦክሲቶሲንስ? እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ በሆነ ጥናት፣ የኦክሲቶሲን መቀበያ ዘረመላቸው ከሥራ ውጭ የተደረገ ቮሎች እንደ ሌሎቹ ተጣምረዋል። ፍቅርን በአንድ ኬሚካል አሽጎ ለመሸጥ የሚሞክር ሁሉ ሊታመን አይገባም።

በመለያየት ለሚሰቃዩ ተስፋ የሚሰጠው ደግሞ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ሥራ ነው። ቮሎች አጣማጃቸው ጋ ለመድረስ አጥር ሲሻገሩ ወይም በር የሚከፍት መጫኛ ሲጫኑ፣ እንግዳ ጋ ለመድረስ ከሚጥሩበት ጊዜ የበለጠ ዶፓሚን ይለቀቃል። ተመራማሪዎቹ ጥንዶቹን ለአራት ሳምንት ለያዩአቸው፤ ለቮል ዕድሜ ይህ ረጅም ነው። ዳግም ሲገናኙ አጣማጃቸውን አልረሱም፤ የዶፓሚኑ ልዩነት ግን ጠፍቶ ነበር።