አንድ ትልቅ ቁማርተኛ ወይስ ብዙ ትናንሾች? የማካዎ ካዚኖዎች ስሌት

በደቡብ ቻይና ጠረፍ የምትገኘው ማካዎ በ2013 ከቁማር ብቻ 45 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ አስገብታለች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ይህም የላስ ቬጋስ ዋና ጎዳና በዚያው ዓመት ካገኘው ሰባት እጥፍ ያህል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ገቢዋ ወደ 29 ቢሊዮን ዶላር ወረደ። ሆቴሉም፣ ጠረጴዛውም፣ ካርታውም ያው ነበር። ታዲያ 16 ቢሊዮኑ የት ገባ? መልሱ በዱቤ ለሚሸጥና በደላላ ለሚገበያይ ነጋዴ ሁሉ የሚጠቅም ነው።

ማካዎ በ1999 ከፖርቱጋል አስተዳደር ወደ ቻይና የተመለሰች ሲሆን፣ በቻይና ግዛት ካዚኖ በሕግ የተፈቀደው በእርሷ ብቻ ነው። ንግዱ ከ1962 ጀምሮ ለ40 ዓመታት ያህል በስታንሊ ሆ ኩባንያ ሞኖፖል ሥር ቆይቷል። መንግሥት በ2002 ገበያውን ሲከፍት የላስ ቬጋስ ባለሀብቶች ገቡ። የሼልደን አደልሰን ሳንድስ ማካዎ በግንቦት 2004 ተከፍቶ ዓመት ሳይሞላው የግንባታ ወጪውን መለሰ። በ2006 ማካዎ በቁማር ገቢ የላስ ቬጋስን ዋና ጎዳና በለጠች።

ደላላው ማን ነው?

የዚህ ሁሉ ገንዘብ አንቀሳቃሽ ጃንኬት የሚባለው ደላላ ነበር። ጃንኬት ከዋናው ቻይና ሀብታሞችን መልምሎ ያመጣል፣ ያስተናግዳል፣ ያበድራል፣ በመጨረሻም ብድሩን ያስመልሳል። ሥራው የተፈጠረው ከሁለት ሕጎች የተነሳ ነው። አንደኛ፣ አንድ ቻይናዊ በዓመት ሊመነዝር የሚችለው የውጭ ምንዛሪ ከ50 ሺህ የአሜሪካ ዶላር አይበልጥም። ሁለተኛ፣ በዋናው ቻይና የቁማር ዕዳ በፍርድ ቤት አይጠየቅም። ስለዚህ ሀብታሙ ገንዘቡን ይዞ መምጣት አይችልም፤ ካዚኖውም አበድሮ መክሰስ አይችልም። በመካከል የገባው ደላላ በአገር ቤት ትውውቁ ተማምኖ ዱቤ ይሰጣል። በ2013 ፈቃድ ያላቸው ጃንኬቶች 235 የነበሩ ሲሆን፣ ከከተማዋ የቁማር ገቢ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚመጣው ከቪ.አይ.ፒ. ክፍሎች ነበር።

ሒሳቡን እንሥራው

አንድ ሀብታም በደላላ መጥቶ ባካራ በሚባለው የካርታ ጨዋታ በድምሩ 100 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር አንቀሳቀሰ እንበል። የካዚኖው ድርሻ በረዥም ጊዜ አማካይ 2.85 በመቶ ስለሆነ 2,850,000 ዶላር ያገኛል። በዚያ ዘመን ከዚህ ላይ 39 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 1,111,500፣ ለግብርና ለልዩ ልዩ መዋጮ ይከፈላል። የደላላው ኮሚሽን በ2009 በተደነገገው ጣሪያ 1.25 በመቶ ነው። ነገር ግን የሚታሰበው ካዚኖው ባገኘው ላይ ሳይሆን ሰውየው ባንቀሳቀሰው ገንዘብ ላይ ነው፤ ይህም 1,250,000 ይሆናል። ለካዚኖው የሚተርፈው 488,500 ብቻ ነው። የሠራተኛ ደመወዝ፣ በነፃ የተሰጠው መኝታና ምግብ ከዚሁ ይወጣል። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይህ ነው።

ያንኑ 2,850,000 ያስገኙት በገዛ ገንዘባቸው የሚጫወቱ ብዙ ተራ ደንበኞች ቢሆኑስ? ግብሩ ያው ሲሆን፣ ኮሚሽን ስለሌለ 1,738,500 ይቀራል። ይህ ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። የዱቤ ስጋትም የለበትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ።

የዱቤው መጨረሻ

የቻይና መንግሥት ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ በሙስና ላይ ዘመቻ ሲከፍት ሀብታሞቹ በማካዎ መታየትን ፈሩ። ዱቤ የወሰደው መክፈል አቆመ፣ ደላላውም ማበደር አቆመ። ከሰኔ 2014 ጀምሮ የከተማዋ ወርሃዊ ገቢ ከቀዳሚው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር ለ26 ወራት በተከታታይ ቀነሰ። በኅዳር 2021 የትልቁ ጃንኬት የሰንሲቲ ባለቤት አልቪን ቻው ተያዘ፤ በጥር 2023 የ18 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የቀሩት ባለፈቃድ ጃንኬቶች 36 ብቻ ነበሩ።

ቅንጦትን ብቻ ያመነም ወድቋል። «ዘ 13» የተባለው ሆቴል ለእንግዶቹ 30 ሮልስ ሮይስ ፋንተም መኪኖችን በ20 ሚሊዮን ዶላር አዞ ነበር። በነሐሴ 2018 ሲከፈት ግን የታሰበለት ሀብታም ደንበኛ ሸሽቷል፣ ካዚኖም አላገኘም።

በአንጻሩ አደልሰን በ2007 ከባሕር በተሞላው ኮታይ በተባለ መሬት ላይ 2.4 ቢሊዮን ዶላር የፈጀውን ቬኔሺያን ማካዎን ከፍቶ ነበር። 3 ሺህ ገደማ ክፍሎች፣ የገበያ አዳራሽ፣ ጉባዔ ማካሄጃና የትርዒት ስታዲየም ያለው ነው። ስሌቱ ጠዋት መጥቶ ማታ የሚመለሰውን መንገደኛ ማሳደር ነበር። ያደረ እንግዳ ይበላል፣ ይሸምታል፣ ተመልሶም ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ኩባንያው በ2022 የላስ ቬጋስ ንብረቱን በ6.25 ቢሊዮን ዶላር ሽያጭ አስረክቦ በማካዎና በሲንጋፖር ላይ ማተኮሩ በዚህ መንገድ ምን ያህል እንደሚተማመን ያሳያል።

ፈቃድ ሰጪውም ሸሪክ ነው

ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ስድስት ኩባንያዎች የ10 ዓመት አዲስ ፈቃድ ይዘዋል። በምላሹ 118.8 ቢሊዮን ፓታካ፣ ማለትም 15 ቢሊዮን ዶላር ያህል፣ ሊያፈሱ ቃል ገብተዋል። ከዚህም ከ90 በመቶ በላዩ ከቁማር ውጭ ለሆነ ሥራ የሚውል ነው። በ2024 የቁማር ገቢው 226.8 ቢሊዮን ፓታካ ደርሷል፤ ይህም በ2013 ከነበረው 360.7 ቢሊዮን ገና ሩቅ ነው። ይሁን እንጂ የደላላው ድርሻ ስለመነመነ ከእያንዳንዱ ፓታካ ለካዚኖው የሚተርፈው ጨምሯል።

እንግዲህ በሆንግ ኮንግ ገበያ የእነዚህን ኩባንያዎች አክሲዮን የሚመለከት ሰው ከገቢው ቁጥር በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ደንበኛውን የሚያመጣው ማን ነው? የሚጫወትበት ገንዘብ የማን ነው? ፈቃዱስ መቼ ያበቃል? ሦስተኛው በተለይ ሊዘነጋ አይገባም። ፈቃዱ በ2032 መጨረሻ ሲያበቃ የቁማር አዳራሾቹ ያለ ካሣ ወደ መንግሥት ይመለሳሉ። በአሥር ዓመት ውስጥ ወጪውን የማይመልስ ሕንፃ የቱንም ያህል ቢያምር ለሌላ የተሠራ ቤት ነው።