የጳጉሜ 6 ልጅ ነኝ፤ ሲስተሙ ግን አያውቀኝም

ስልኬ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11 ጠዋት «እንኳን ተወለድክ» ይለኛል። ጓደኞቼም ተከትለው የኬክና የፊኛ ኢሞጂ ያዘንቡብኛል። ችግሩ፣ ከ4 ዓመት 3ቱን ያ ቀን መስከረም 1 ነው። እኔ ደግሞ የተወለድኩት ጳጉሜ 6 ቀን 1991 ነው።

አዎ፣ ጳጉሜ 6። በ4 ዓመት አንዴ ብቻ የምትመጣዋ ቀን። በሂሳብ ካየናት ከ1,461 ቀናት አንዷ ናት። ስለዚህ እስካሁን በቀኑ ያከበርኩት 6 ልደት ብቻ ነው። ጓደኞቼ «ገና አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው» እያሉ ይቀልዱብኛል። የማልረሳው ጳጉሜ 6 ቀን 1999ን ነው፤ የሚሌኒየሙ ዋዜማ። 8 ዓመቴ ነበር። ማታ አዲስ አበባ ላይ ርችት ሲተኮስ ለእኔ ልደት መስሎኝ ነበር። እማዬም አላረመችኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምድር ፀሐይን አንዴ ለመዞር 365 ቀን ከሩብ ገደማ ይፈጅባታል። ሩቧ በ4 ዓመት ተጠራቅማ አንድ ሙሉ ቀን ትሆናለች። ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ላይ ይጨምሯታል፤ እኛ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ ጳጉሜ ላይ። «ወደኋላ የቀራችሁ ናችሁ» ለሚሉን፣ በዚህች ቀን እንኳ እንቀድማቸዋለን፦ የእኛዋ ሴፕቴምበር 2023 ላይ አልፋ፣ የእነሱ ፌብሩዋሪ 2024 ላይ ነው የመጣችው። ደግሞ እነሱ በ1900 ዘለዋታል፣ በ2100ም ይዘሏታል። እኛ አንዘልም።

እስከዚህ ጨዋታ ነው። አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ መታወቂያ ላወጣ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ኮምፒውተሩ ላይ ትንሽ ታገለችና «ጳጉሜ 6 እምቢ አለኝ ወንድሜ፤ ሲስተሙ 5 ላይ ነው የሚያቆመው። መስከረም 1 ልበለው? አንድ ቀን እኮ ነው» አለችኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነበር። «እሺ» አልኩ።

ያቺ «እሺ» በኋላ አስከፈለችኝ። ሥራ አገኘሁና ዶክመንት አስገባ ተባልኩ። የልደት ሰርተፊኬቴ 1991 ይላል፣ መታወቂያዬ 1992። «ሁለቱ የአንድ ሰው ናቸው?» ተባልኩ። ለማስተካከል 3 ሳምንት ተመላለስኩ። አስተካክዬ ስመለስ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። በቀን ሲቆጠር ልዩነቱ አንድ ቀን ነው፤ ወረቀት ላይ ግን አንድ ዓመት ነው።

ኢኮኖሚክስ ስማር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣ ነበር፦ ወጪውን የሚከፍለው ማነው? ፎርሙን የሠራው ሰው አንዲት መስመር ኮድ ባለመጻፉ ምናልባት 5 ደቂቃ አትርፏል። እኔ ደሞዝ አጣሁ። የወሰነውና ሂሳቡን የከፈለው አይተዋወቁም። እንዲህ ያለ ስህተት ሳይታረም የሚቆየው ለዚህ ይመስለኛል፤ የሠራውን ሰው አያመውም።

«ስንት ሰው ነው እሱ?» ትሉ ይሆናል። በ4 ዓመት አንድ ቀን ትንሽ ይመስላል፤ ግን ያን ቀን ማዋለጃ ክፍሎች አይዘጉም። ያን ቀን የተወለደ ሁሉ አንድ ቀን ፎርም ይሞላል።

ስለዚህ አፕና ዌብሳይት ለምትሠሩ ልጆች ልመና አለኝ። ሥራችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት ጳጉሜ 6 ብላችሁ ሞክሩት። ደንቡ ቀላል ነው፦ የእኛን ዓመት ለ4 ስታካፍሉ 3 ከተረፈ ጳጉሜ 6 ቀን አላት። እንደ ፈረንጆቹ እኩል የሚካፈለውን ዓመት እንዳትወስዱ። ፎርም ለምትሞሉ ደግሞ ምክሬ አጭር ነው፦ ሰልፉ የፈለገውን ያህል ቢረዝም «እሺ» አትበሉ። በወረቀት ይጻፍልኝ በሉ፣ ኃላፊ ጥሩልኝ በሉ።

የሚቀጥለው ልደቴ ጳጉሜ 6 ቀን 2019 ነው። 2019ን ለ4 አካፍሉት፣ 3 ይተርፋል። ያን ቀን ስልኬና እኔ እንስማማለን። 7ኛ ልደቴ ስለሆነ ኬኩን ቀለል አድርጉት፤ በማግስቱ ዶሮ ወጥ አለ።