ጸበልና የሐኪም መድኃኒት፦ ተረቱና እውነታው

ስለ ሕክምና በአገራችን ከሚነገሩት ስሑት አስተያየቶች መካከል አብዝቶ ሲጎዳ ያየሁት፣ «ጸበል የገባ በሽተኛ ክኒን ከዋጠ እምነቱ ጐደሎ ነው፤ ፈውሱም ይርቀዋል» የሚለው ነው። መድኃኒቱን ዕለት ዕለት እየወሰደ በሥራው ላይ የነበረ ጐልማሳ፣ ልጆቿን በጤና ታሳድግ የነበረች እናት፣ ይህን ቃል ከሚያከብሩት ሰው አፍ ሰምተው ክኒናቸውን ሲጥሉ፣ ወራት ካለፉ በኋላም ሰውነታቸው መንምኖ በዘመድ ትከሻ ተደግፈው ሐኪም ቤት ሲደርሱ የተመለከተ ሰው፣ ነገሩን እንደ ተራ የአስተሳሰብ ልዩነት ሊያልፈው አይቻለውም። ይህን የምለው በተለይ ከኤች አይ ቪ ጋር ስለሚኖሩ ወገኖቻችን ነው።

ይሁን እንጂ ይህ እምነት ያለ ምክንያት የበቀለ አይደለም። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት አብዛኛው ሕመምተኛ ከሐኪም ቤት ይዞ የሚወጣው የምርመራ ውጤት እንጂ መድኃኒት አልነበረም። ዘመድ የሸሸው፣ አከራይ ያስወጣው፣ ጎረቤት ዕቃ አላውሰውም ያለው ሰው ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥቶ ጸበሉን ሲጠመቅ፣ ከውኃው ጋር የሚባርከው ካህን፣ አብሮት የሚጸልይ ባልንጀራ፣ ስሙን ጠርቶ እንዴት አደርህ የሚለው ሰው ያገኝ ነበር። መድኃኒቱም በመጣ ጊዜ ያለ መከራ አልመጣም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይሰጥ የነበረው ስታቩዲን እግርን የሚያቃጥል የነርቭ ሕመም ያመጣ፣ የፊትንም ሥጋ ያከሳ ነበር፤ ኤፋቪረንዝ ደግሞ ሌሊቱን በሚያስፈራ ሕልም ይሞላው ነበር። እንግዲህ ክኒኑን ትቶ ጸበል የገባ ሰው ሕልሙ ቢተወው፣ ውሎ አድሮም ቃጠሎው ቢቀልለት፣ «ተፈወስሁ» ማለቱ የተሰማውን መናገሩ ነበር፤ ሐሰተኛ ሊባል አይገባውም።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ወዲያ ነው። መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይራባ ያግደዋል እንጂ ከሰውነት ፈጽሞ አያወጣውም፤ ቫይረሱ በአንዳንድ የደም ሕዋሳት ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር፣ መድኃኒቱ ከተቋረጠ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደገና ይበዛል። ሕመሙ ግን ብዙውን ጊዜ ወራትን ዘግይቶ ይገለጣል፤ ስለዚህ ሁለት ሱባዔ፣ ማለት 14 ቀን፣ በጸበል የሰነበተ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ጤነኛ ይመስላል፤ በኋላ ሲወድቅም ውድቀቱን ከተወው ክኒን ጋር የሚያገናዝብለት አይገኝም። ስማርት የተባለው ታላቅ ጥናት፣ በ33 አገሮች 5,472 ሕሙማንን ይዞ፣ ሰውነቱ የበረታ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ለጊዜው ቢያቆም ምን እንደሚደርስበት መርምሮ ነበር። ያቆሙት ሰዎች የመከላከያ ሕዋሳቸው እየተቈጠረ፣ በሐኪም ጥበቃ ሥር ነበሩ፤ እንዲያም ሆኖ ሳያቋርጡ ከወሰዱት ይልቅ ለከባድ ሕመም ወይም ለሞት የመጋለጣቸው ነገር ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ስለተገኘ፣ የማቋረጡ ሙከራ በ2006 እ.ኤ.አ. ከታሰበለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። በሐኪም ዐይን ሥር ይህ ከሆነ፣ ማንም ሳይከታተለው በራሱ ፈቃድ የሚያቆመው ሰው ዕጣ ምን ሊሆን ነው?

ሌላም አሳች ነገር አለ። «ቫይረሱ በደም ውስጥ አልታየም» የሚል የላቦራቶሪ ወረቀት እንደ ተአምር ምስክር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይታያል። የወረቀቱ ትርጓሜ ግን የቫይረሱ ብዛት መሣሪያው ሊቈጥረው ከሚችለው በታች መውረዱን ብቻ የሚያስረዳ ነው፤ ያወረደውም በየዕለቱ የተወሰደው መድኃኒት ነው። ይህን ወረቀት ይዞ መድኃኒቱን መተው ያንኑ ውጤት በገዛ እጅ ማፍረስ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቈጣኝ ይህ ነገር በቤተ ክርስቲያን ስም መነገሩ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ለሐኪም ክብር እንደሚገባ፣ መድኃኒትም ከምድር የተገኘ የፈጣሪ ስጦታ መሆኑን ያስተምራል፤ ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ በጸለየ ጊዜ፣ ነቢዩ ኢሳይያስ በቍስሉ ላይ በለስ እንዲደረግ አዝዟል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉና መድኃኒቱ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ እርስ በርሳቸውም እንደማይቃረኑ በአደባባይ ተናግረዋል። እንግዲህ ክህነት ሳይኖራቸው ወይም ክህነታቸውን አለአግባብ ይዘው በሽተኛውን ክኒን የሚያስጥሉት ሰዎች ከማን ተምረው ነው? በሽተኛው ሲበረታ ምስጋናውን ይቀበላሉ፤ ሲሞት ጥፋቱን በሟቹ እምነት ላይ ይጥላሉ፤ ራሱን ሊከላከል የማይችለውን ሰው እንዲህ መክሰስ ግፍ ነው። ጸበል፣ ጾምና ጸሎት የታመመን ሰው ልብ ምን ያህል እንደሚያጸኑ በቍጥር ልሰፍረው አልችልም፤ ማጽናናታቸውን ግን አልጠራጠርም፤ ክርክሬም ከእነርሱ ጋር አይደለም። ደግሞም ዛሬ ለአብዛኛው ሕመምተኛ የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ያለበት መድኃኒት በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም የሚወሰድ ስለሆነ፣ ጾሞ ጸበል የሚጠጣ ሰው ክኒኑን ከጸሎቱ በኋላ ወይም በማታ ቢወስድ የሚከለክለው ነገር የለም።

ይኸው ነገር በሌሎችም ሕመሞች ላይ ይደርሳል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በድንገት ቢያቆም የማያባራ መንፈራገጥ ሊይዘውና ሊገድለው ይችላል። ሰውነቱ ኢንሱሊን የማያመነጭ የስኳር ሕመምተኛ መርፌውን ቢተው ሱባዔውን ሳይፈጽም ሊሞት ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የ6 ወር ነው፤ ሳሉ ጠፋ ብሎ በመንፈቁ መካከል ያቋረጠ ሰው ባሲሉን መድኃኒት ሊያስለምደው፣ የለመደውንም ለቤተሰቡ ሊያስተላልፈው ይችላል።

የቀሩት ተረቶች ረጅም ክርክር አይሹም። «ከአባቶቻችን የወረስነው ሁሉ በዘመን ብዛት የተፈተነ ነው» ይላሉ፤ የሕፃናትን እንጥል መቍረጥም ከአባቶች የተወረሰ ነው፤ ሆኖም የሚያተርፈው መድማትን፣ መመርቀዝን፣ አንዳንድ ጊዜም መንጋጋ ቈልፍን ነው። «ሳይንስ የአገር መድኃኒትን ይንቃል» የሚሉም አሉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ከዚያ ተነሥተው እንዶድን ቢልሃርዝያን ለመከላከል ያዋሉት በሳይንስ ነው፤ ለወባ በምንወስደው ኮአርተም ውስጥ ያለው መድኃኒት የተገኘበት አርቴሚሲኒንም በቻይናውያን ዘንድ ከጥንት ይታወቅ ከነበረ ቅጠል ወጥቶ፣ ሊቋ ቱ ዩዩን በ2015 እ.ኤ.አ. ለኖቤል ሽልማት አብቅቷታል።

«ዕፅ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው ግን ጥቂት ቃል ይሻል። ኮሶ የኮሶ ትልን ማስወጣቱ እውነት ነው፤ አውሮፓውያንም ሳይቀሩ በ19ኛው መቶ ዓመት በመድኃኒት መዝገባቸው ጽፈውት ነበር። ነገር ግን የትሉ ራስ ብዙ ጊዜ ስለሚቀር ትሉ ተመልሶ ያድጋል፤ መጠኑ ሲበዛም ኮሶ የዐይን ነርቭን እስከ ማሳወር ድረስ መጉዳቱን በአገራችን የሠሩ ሐኪሞች መዝግበዋል፤ ለዚሁ ትል ደግሞ ዛሬ ፕራዚኳንቴል በየመድኃኒት ቤቱ ይገኛል። ኮሶም ሆነ ሌላ ሥር ወይም ቅጠል የጠጣ ሰው ለሐኪሙ ሳይሸሽግ ይንገር፤ ሐኪሙም ሳይገሥጽ ይጠይቅ፤ የጉበቱ ወይም የኩላሊቱ ሕመም ከምን እንደመጣ ለማወቅ፣ ያዘዘውም መድኃኒት ከተጠጣው ጋር እንዳይጋጭ ለመጠበቅ ይህን ማወቅ ያስፈልገዋልና።